ቀለሙ የአበባው ነው ወይስ የካሜራው? የጓሮ አበባን በደጋ የአየር ጠባይ ማልማትና በፎቶግራፍ መመዝገብ

አንድ ቀይ የጽጌረዳ ዝርያ ከአንዲት እናት ተክል በቁራጭ ተባዝቶ በሁለት ቦታ ተተከለ እንበል። አንደኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ባቱ ናት፤ ሁለተኛው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሆለታ። በሁለቱም ቦታ አበባው በፈካ ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሣ። የባቱው ምስል ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ቀይ ሲያሳይ፣ በሆለታው ምስል ላይ የውጪዎቹ የአበባ ቅጠሎች ጫፍ ወደ ጥቁርነት አድልቷል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የከፍታው ቅዝቃዜና ጨረር የአበባውን ቅጠል አጥቁሮታል ብሎ ቢደመድም፣ ድምዳሜው ትክክል ሊሆን ይችላል። በቀያይ ጽጌረዳዎች ላይ እንዲህ ያለ ጥቁረት በቀዝቃዛ ሌሊትና በብርቱ አልትራቫዮሌት ጨረር ሥር እንደሚከሰት በአበባ ልማት ሥራ የታወቀ ነው፤ ለግሪንሃውስ መሸፈኛ ይህን ጨረር የሚያስቀር ላስቲክ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ያው ምስል በአበባው ላይ አንዳች ጥቁረት ሳይኖርም ሊገኝ ይችል ነበር። ቀጥተኛ ፀሐይ ያረፈበትን የአበባ ክፍል ከመጠን በላይ እንዳያነጣው የብርሃን ልኩን ዝቅ ያደረገ ካሜራ፣ ጥላ የወደቀበትን ቀይ ቅጠል ጥቁር አድርጎ ይመዘግበዋልና።

ሁለቱን ሁኔታዎች ከምስሉ ብቻ መለየት አይቻልም። ጉዳዩ የፎቶግራፍ አንሺዎች የጥበብ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን የአበባ ፎቶግራፍ ዛሬ ዝርያን ለመግለጽ፣ የማበቢያ ጊዜን ለመከታተልና የበሽታን ደረጃ ለመመደብ በማስረጃነት ይቀርባል። በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥም ከሠንጠረዥ እኩል ቦታ አግኝቷል። በደጋ አካባቢ ደግሞ የአየር ጠባዩ በአበባውና በካሜራው ላይ በአንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ አቅጣጫ ይሠራል። ስለሆነም ከምስሉ ላይ የሚነበበው ቀለም ምን ያህሉ የተክሉ፣ ምን ያህሉ የብርሃኑ፣ ምን ያህሉ የመሣሪያው እንደሆነ ለመለየት ከምስሉ ውጪ የሆነ ዝግጅት ያስፈልጋል። ዝግጅቱም የሚጀምረው ከካሜራው ሳይሆን ከመደቡ ነው።

የደጋው ቀንና ሌሊት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ይዛ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሳሳውና በበጋ ወራት የሚደርቀው አየር፣ ቀን የፀሐይን ጨረር ብዙም ሳይበትን ያሳልፋል፤ ሌሊት ደግሞ ምድር ያመነጨችው ሙቀት ወደ ጠፈር እንዲያመልጥ መንገድ ይከፍታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10% ገደማ ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ በአንድ ቀን ውስጥ በቀትርና በንጋት ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ወደ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ይህም በከተማዋ በሞቃታማውና በቀዝቃዛው ወር አማካይ ሙቀት መካከል ካለው ልዩነት እጅግ ይበልጣል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኦሎቭ ሄድበርግ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት ጥናት፣ ይህን የዕለት መፈራረቅ የዕፅዋቱን ቅርጽና አኗኗር ከሚወስኑ ዋና ዋና ምክንያቶች ቆጥሮታል።

ይህ መፈራረቅ በአበባ ቀለም ላይ የሚታይ አሻራ አለው። የቀይ፣ የሐምራዊና የሰማያዊ አበቦች ቀለም በአብዛኛው የሚገኘው አንቶሳያኒን ከተባሉ ውህዶች ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ቀኑ ብሩህ ሲሆን በአበባ ቅጠሉ ሕዋሳት ውስጥ የእነዚህ ውህዶች ክምችት ይጨምራል፤ ሙቀት ሲበረታ ግን ምርቱ ይቀንሳል፣ የተመረተውም ይፈርሳል። አንድ ዓይነት ጽጌረዳ በቆላ ደብዘዝ፣ በደጋ ጠለቅ ያለ ቀለም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የዕድገቱ ፍጥነትም ይለያል። በቀዝቃዛው ደጋ እምቡጡ ለመፍካት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ አበባው ተለቅ ይላል፣ ዘንጉም ይረዝማል። ከሆለታና ከሰበታ የሚወጣው ጽጌረዳ በስምጥ ሸለቆ ከሚመረተው በአበባ ራስ መጠን የሚበልጠውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ቀለሙ ግን በውህዱ መጠን ብቻ አይወሰንም። አንቶሳያኒን በሚገኝበት የሕዋስ ከረጢት፣ ማለትም በቫክዩል ውስጥ ያለው አሲዳማነትም ይወስነዋል። አሲዱ ሲበረታ ቀለሙ ወደ ቀይ፣ ሲቀንስ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለዚህ እጅግ ግልጽ የሆነው ምሳሌ በጠዋት የሚፈካው ሰማያዊው አይፖሚያ ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት፣ እምቡጡ ወደ ቀይ ያደላ ሐምራዊ ሳለ የቫክዩሉ ፒኤች 6.6 ነበር፤ ፈክቶ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሲሆን 7.7 ደረሰ። የቀለም ውህዱ ራሱ ሳይለወጥ አበባው በሰዓታት ውስጥ ሌላ ቀለም ለበሰ ማለት ነው። ቀይ ጽጌረዳም ሲያረጅ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። እንግዲህ አበባው የፈካበት ቀንና ፎቶግራፉ የተነሣበት ሰዓት ያልተመዘገበለት ምስል፣ ገና ከጅምሩ ግማሽ መረጃ ነው።

ሦስተኛው ነገር የቅጠሉ ገጽ ነው። የብዙ አበቦች የላይኛው ገጽ ሕዋሳት ሾጠጥ ያሉ ጥቃቅን ጉብታዎች ሲሆኑ፣ የሚያርፍባቸውን ብርሃን ወደ ቀለሙ ከረጢት ይሰበስባሉ። ጽጌረዳን እንደ ከፋይ የሚያስመስለው ይህ ነው። ጤዛ ሲያርፍበት፣ ወይም የበጋው አቧራ ሲሸፍነው፣ የብርሃኑ አካሄድ ይለወጣል። አቧራ የለበሰ ቀይ ጽጌረዳ በምስል ላይ የገረጣ ዝርያ መስሎ ይታያል፤ በደረቅ ወራት ከመንገድ ዳር በሚነሡ ምስሎች ይህ ስሕተት የተለመደ ነው።

በመደቡ ላይ

በደጋ አትክልት ቦታ አበባን ማልማት ሁለት የማይስማሙ ወቅቶችን ማስታረቅ ነው። አዲስ አበባ ከዓመታዊ ዝናቧ ብዙውን እጅ የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በዋልካ አፈር ላይ በእነዚህ ወራት ውሃ ይተኛል፤ አፈሩ ያብጣል፣ ሥሩም አየር ያጣል። ገበሬው ውሃውን ለማንጣፈፍ መደቡን ከፍ አድርጎ በመካከሉ ቦይ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ለጽጌረዳና ለጄራኒየምም ከፍ ያለ መደብና በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ያስፈልጋል። የክረምቱ ዝቅተኛ ብርሃን ዘንጉን ያቀጥነዋል። የማያቋርጠው እርጥበት ደግሞ ግራጫ ሻጋታን ይጋብዛል። ይህ ሻጋታ በነጣ ባሉ የአበባ ቅጠሎች ላይ በመጀመሪያ የሚታየው ቀላ ያሉ ትናንሽ ነጠብጣቦች ሆኖ ነው። በምስል ብቻ ያያቸው ሰው የዝርያው ተፈጥሯዊ ዥጉርጉርነት ሊመስሉት ይችላሉ። በረዶ በዘነበ ዕለት የሚቀዳደደው አበባ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ጉዳቱ ማንነቱን አይደብቅምና።

የበጋው ፈተና ከዚህ የረቀቀ ነው። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስም በሌለበት ሌሊት ነው። ደመና ከሌለ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት የሚመልስ አይኖርም፤ ነፋስ ከሌለም ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር አይቀላቀልም። ቀዝቃዛው አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በረባዳ ቦታም ይተኛል። በዚህም ምክንያት በአንድ ግቢ ውስጥ በተዳፋቱ ላይ ያለው ጄራኒየም ተርፎ፣ ከታች የድንጋይ አጥር ያገደው ስፍራ ላይ ያለው ሊጠቁር ይችላል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የውርጭ ወራት የአትክልተኛው የዘወትር ስጋት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ጉዳቱ ከግቢ ግቢ ይለያል፤ የከተማው የአየር ትንበያ ለአንድ መደብ ብዙ የማይነግረውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አጣብቂኝ አለ። በበጋ ውሃ ለመቆጠብ መደቡን በጉዝጓዝ፣ ማለትም በደረቅ ሣር ወይም በገለባ መሸፈን የተለመደና ትክክለኛ ምክር ነው። ጉዝጓዙ ግን ቀን ፀሐይ አፈሩን እንዳታሞቀው፣ ሌሊትም አፈሩ ያለውን ሙቀት ለተክሉ እንዳይሰጥ ይጋርዳል። በዚህም የተነሣ በጉዝጓዝ የተሸፈነ መደብ ላይ ያለው አየር፣ ከተራቆተና ከረጠበ አፈር በላይ ካለው አየር ይልቅ በሌሊት ይቀዘቅዛል። ውሃ የጠጣ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ስለሚይዝ፣ ውርጭ በሚያሰጋበት ሰሞን ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጎ መደቡን ቀን ላይ ማጠጣት አንዱ መፍትሔ ነው። ሌላው ማምሻውን በጆንያ ወይም በጨርቅ መጋረድና ሲነጋ መግለጥ ነው። ላስቲክ ከሆነ ተክሉን እንዳይነካ በእንጨት መወጠር አለበት፤ በነካበት ቦታ ሁሉ ውርጩ ያገኘዋልና። የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ በመዝገብ መስፈር ይኖርበታል። ጆንያ የለበሰውና ያልለበሰው ጽጌረዳ የተለያየ የሌሊት ሙቀት ስለሚያገኙ፣ የቀለማቸው ልዩነት ከአትክልተኛው እጅ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የአገሩ ተወላጅ የሆነው ቀጋ (ሮዛ አቢሲኒካ) በዚሁ ብርድና ፀሐይ ውስጥ ያለ ጆንያ ያብባል። ነጭ አበባው ለአንቶሳያኒን ጥያቄ ብዙ አይጠቅምም፤ በአንድ መደብ ጥግ ቢተከል ግን ከዓመት ዓመት የማበቢያ ጊዜን ለማነጻጸር መነሻ ሊሆን ይችላል። አደይ አበባም (ቢደንስ ማክሮፕቴራ) እንዲሁ ነው። በክረምቱ ዝናብ በቅሎ፣ ደመናው ሲገለጥ በመስከረም ይፈካል፤ ውርጩ ሳይደርስም ዘሩን በትኖ ያልፋል። ከሁለቱም ወቅቶች የሚመቸውን ወስዶ የማይመቸውን የሚሸሽ ተክል ነው።

ካሜራው የሚጨምረው

የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ቀለምን የሚለየው በላዩ በተነጠፉ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያዎች ነው። አብዛኞቹ ካሜራዎች የሚጠቀሙበት አደራደር በኮዳክ ኩባንያ ይሠራ በነበረው በብራይስ ባየር የተፈለሰፈ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ተመዝግቧል። በዚህ አደራደር ከአራት ነጥቦች ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ናቸው። ለሰው ፊትና ለመልክዓ ምድር የሚበቃ ክፍፍል ነው። ንጹሕ ቀይ አበባ ሲቀርብለት ግን አረንጓዴውና ሰማያዊው ነጥቦች ባዶ ሊሆኑ ይቀርባሉ፤ ቀዩ ብቻውን ሞልቶ ይፈስሳል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሦስቱን አማካይ ስለሚያይ ችግሩን አያውቀውም። ውጤቱም የቅጠሉ ሥሮችና እጥፋቶች የማይታዩበት፣ በቀይ ቀለም የተለቀለቀ የሚመስል ምስል ነው። ያንን ለማስወገድ የብርሃን ልኩ ሲቀነስ ደግሞ በመግቢያው የተነሣው ጥቁረት ይመጣል። በደጋ አየር ጥላው ከሰማይ የሚያገኘው የተበተነ ብርሃን አነስተኛ በመሆኑ፣ በፀሐይና በጥላ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ እዚያ ይበረታል።

ሐምራዊ ቀለም ሌላ ወጥመድ አለው። የሰው ዓይን አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ሲያይ ከሰማያዊው ጋር ጥቂት የቀይ ስሜትም ያክልበታል፤ የብዙ ካሜራዎች ቀይ ማጣሪያ ግን ይህን አያደርግም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ጃካራንዳ ሲያብብ በስልክ የተነሡ ምስሎች ዓይን ካየው ይልቅ ሰማያዊ ሆነው የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ስልኩ ተሳስቷል ማለት ይቻላል፤ ይበልጥ ትክክል የሚሆነው ግን ስልኩ የሰው ዓይን አይደለም ማለት ነው።

ቢጫው አደይ ደግሞ በሌላ መንገድ ይጎዳል። ካሜራው የነጭ ሚዛኑን በራሱ እንዲያስተካክል ሲተው፣ በምስሉ ውስጥ ያሉት ቀለሞች ሲደመሩ አማካያቸው ወደ ግራጫ ይቀርባል የሚል ግምት ይዞ ይሠራል። መስኩን የሞላው ቢጫ ይህን ግምት ስለሚያፈርስ፣ ካሜራው የበዛ ቢጫ ብርሃን እንዳለ ቆጥሮ ምስሉን ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል። የእንቁጣጣሽ ካርዶች አታሚዎች የጠፋውን ቢጫ ከሚገባው በላይ አድምቀው ይመልሱታል፤ ለካርድ ጥሩ ነው፣ ለጥናት አይሆንም። ጥላም የራሱ ቀለም አለው። ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ የሚበራው በሰማዩ ሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ፣ የቀትር ፀሐይ 5,500 ኬልቪን ገደማ ሲሆን ጥላው ከ7,000 ኬልቪን በላይ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ደግሞ ነጭ ወረቀት ነው። የነጭ ሚዛንን ለማስተካከል ማተሚያ ወረቀት አበባው አጠገብ ማስቀመጥ የተለመደ የቁጠባ ዘዴ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ነጥቶ እንዲታይ የሚጨመሩበት ኬሚካሎች አልትራቫዮሌትን ውጠው ሰማያዊ ብርሃን መልሰው ይለቃሉ። ጨረሩ በበረታበት ደጋ ይህ ብርሃን ይጨምራል፤ ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ካሜራውም ያንን ሊያርም ሲል አበባውን ወደ ቢጫ ይገፋዋል። ብርሃን ለማለዘብ የሚወጠር ነጭ ጨርቅም ከዚህ አያመልጥም። በዘመናዊ የልብስ ሳሙና የታጠበ ነጠላ እነዚያን ኬሚካሎች ይሸከማል፤ ያልታጠበ አቡጀዲ ይሻላል።

ምርጥ አበባና ምርጥ ብርሃን

እስካሁን የተዘረዘሩት ስሕተቶች አንድ በአንድ ቢታዩ የሚታረሙ ናቸው። ከባዱ ጉዳይ ስሕተቶቹ ከወቅቱ ጋር ተሳስረው መምጣታቸው ነው። ለአበባ ፎቶግራፍ የሚመረጠው ለስላሳና ጥላ የማያበዛ የደመና ብርሃን በክረምት ሞልቷል፤ ያን ጊዜ ግን አበባው ገርጥቷል፣ ሻጋታ ነክቶታል፣ በዝናብ ተደብድቧል። በበጋ አበባው ጠልቆና ጸድቶ ሲገኝ፣ ብርሃኑ ጨካኝ ይሆናል። የጠለቀ ቀለምና የጠለቀ ጥላ አንድ ላይ፣ የገረጣ ቀለምና የለሰለሰ ብርሃን አንድ ላይ ይመጣሉ። የበጋና የክረምት ምስሎችን አነጻጽሮ በጋ ቀለምን ያጠልቃል የሚል ጥናት እውነቱን ሊያገኝ ይችላል፤ የልዩነቱን መጠን ግን ሊያውቅ አይችልም።

በአውሮፓ የተጻፉ የፎቶግራፍ መማሪያዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ማንሣት ነው። በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ይህ ምክር ጠባብ ነው። በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት፣ ፀሐይ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ በየአራት ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል ትወጣለች፤ በለንደን ለአንድ ዲግሪ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል። ከአድማስ እስከ 10 ዲግሪ ያለው ለስላሳ ብርሃን በአዲስ አበባ 40 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ በስተ ምሥራቅ ኮረብታ ካለም ከዚያ ያንሳል። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትሆናለች። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል፤ የሚያዝያው ግን በጠራ ቀን ወደ ታች ያዘነበለ አበባን ውስጥ ፈጽሞ ያጨልመዋል። በዚያ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ የማለዳው 40 ደቂቃ የውርጭ ሰዓት ነው። አመዳይ የከበበው ጽጌረዳ በ12 ሰዓት ተኩል ላይ ድንቅ ምስል ይሰጣል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያው ቅጠል ውሃ የጠጣ ወረቀት መስሎ ይንጠለጠላል። በማኅደር ውስጥ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ምስል ነው፤ ጉዳቱን የሚናገረው ግን ሁለተኛው ነው።

ከመስክ እስከ ማኅደር

ብርሃኑን ከወቅቱ ለመነጠል ቀላሉ መንገድ የተፈጥሮን ብርሃን መምረጥ ሳይሆን አንድ ወጥ ብርሃን መሥራት ነው። በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ የተወጠረ ያልታጠበ አቡጀዲ ከአበባው በላይ ቢያዝ፣ የበጋውን ፀሐይ ከክረምቱ ብርሃን ጋር ወደሚነጻጸር ልስላሴ ያወርደዋል። ከአበባው ጎን፣ በዚያው ብርሃን ውስጥ፣ ግራጫ መለኪያ ካርድ ወይም 24 ቀለማት ያሉት መደበኛ የቀለም ሰሌዳ መቀመጥ አለበት። በእያንዳንዱ ምስል ማስገባት ካልተቻለ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር አንድ ጊዜ በቂ ነው። ምስሉ ካሜራው ባልነካው ጥሬ ፋይል፣ በተለምዶ ሮው በሚባለው፣ ይቀመጣል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት፣ ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል 16,384 አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን የነጭ ሚዛኑ ገና ያልተወሰነ በመሆኑ በኋላ በካርዱ መሠረት ሊታረም ይችላል። ፖላራይዘር ማጣሪያ የቅጠሉን ነጸብራቅ አስወግዶ ቀለሙን ስለሚያጠልቅ፣ በሁሉም ምስሎች ላይ ይደረግ ወይም በአንዱም ላይ አይደረግ።

መዝገቡን በሚመለከት በኢትዮጵያ የሚሠራ ተመራማሪ የሚያጋጥመው የተለየ ጉዳይ አለ። የመስክ ደብተሩ በኢትዮጵያ ሰዓትና በኢትዮጵያ ቀን ይጻፋል፤ ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ግን በሌላው አቆጣጠር ነው። ደብተሩ ላይ 2 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በፋይሉ 8 ሰዓት ነው። ሁለቱ ሳይታረቁ ወደ አንድ ሠንጠረዥ ከገቡ የማለዳው አበባ የቀትር በኋላ አበባ ይሆናል። እንደ አይፖሚያ በሰዓታት ውስጥ ለሚለወጥ አበባ ይህ መረጃውን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ስሕተት ነው። ከሰዓቱ ጋር የአበባው ዕድሜ፣ ያለፈው ሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት በመደቡ ከፍታ ላይ፣ ተክሉ ተሸፍኖ እንደነበርና እንዳልነበር ሊጻፉ ይገባል።

የቀለም ስምም ሳይነሣ የሚታለፍ አይደለም። በአማርኛ ሐምራዊ ለአንዱ ተናጋሪ የቀላ ፈዛዛ ቀለም፣ ለሌላው ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ቀለም ነው። ወይን ጠጅም እንደ ተናጋሪው ከደማቅ ቀይ እስከ ጥቁር ሰማያዊ ይለጠጣል። አበባን በጽሑፍ የሚገልጽ ሰው ይህን ቢያውቅ፣ ስሙን ከመጻፍ ጋር የእንግሊዙ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር የሚያሳትመውን የቀለም መጽሐፍ ቁጥር ይጨምራል። መጽሐፉ ከ900 በላይ የቀለም ናሙናዎች አሉት፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ነገር ግን አንድ ክፍል በጋራ ሊይዘው ይችላል። ናሙናውም ከአበባው ጋር የሚነጻጸረው በዚያው አቡጀዲ ሥር እንጂ በጠራራ ፀሐይ አይደለም።

የመጨረሻው ፍተሻ ያለ ካሜራ የሚደረግ ነው። የታወቀ ክብደት ያለው የአበባ ቅጠል በአሲድ በተቀላቀለ ሜታኖል ተዘፍዝፎ፣ የፈሳሹ ቀለም በስፔክትሮፎቶሜትር በ530 ናኖሜትር ገደማ ሲለካ የአንቶሳያኒኑን መጠን ይሰጣል። ከሁሉም አበባ ይህን ማድረግ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ቦታና ወቅት ጥቂት አበቦች ተለክተው ከምስላቸው ጋር ከተዛመዱ፣ ሌሎቹ ምስሎች ምን ያህል እንደሚታመኑ ይታወቃል። ቁጥሮቹ ካልተዛመዱም የትኛው እንደተሳሳተ ይታወቃል፤ ቅጠሉ በእጅ አለና።

ወደ ባቱና ወደ ሆለታ ጽጌረዳ ስንመለስ፣ ጥያቄው በአንድ ማለዳ የሚፈታ ነው። የሆለታው አበባ በአቡጀዲው ጥላ ሥር ከግራጫ ካርዱ ጋር እንደገና ይነሣል፤ የውጪው ቅጠል ተገንጥሎ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ለብቻው ይነሣል። ጥቁረቱ ቅጠሉ ሲዘረጋ ከጠፋ የጥላ ነበር። ከቀረ ግን ቅጠሉ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ በቀጣዩ ሳምንትም ከአጠገቡ ያለው ተክል ማታ ማታ ጆንያ እየለበሰ፣ በእምቡጥነት ያሉት አበቦቹ እስኪፈኩ ይጠበቃል።